የወታደር ልብስ የለበሰ ጎራዴ

ወንድሜን ሙላትን ቀብረን ስንመለስ ብዙ ሰው «እግዜር ያጽናህ» ብሎኛል። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን የአዱኛ ድምፅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ንፍሮውን እየዘገነ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጎራዴያችን የት ነው?» አለኝ።

አዱኛ የይፋግ ሰው ነው፤ የእማሆይ ወለተ ማርያም የልጅ ልጅ። ጎራዴው የእማሆይ ባል የሟቹ የሃምሳ አለቃ ደምሴ ነበር። ሃምሳ አለቃ ኮሪያ ዘምተው ሲቆስሉ ጃፓን አገር ሆስፒታል ተኝተው ነበር አሉ፤ ሲመለሱ ነው ያመጡት። ሙላት ከመሞቱ ከወር በፊት «መርምሬ እመልስልዎታለሁ» ብሎ ከእማሆይ እጅ ተቀብሎ ወረታ ወስዶት ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የወረታ መገንጠያ ላይ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ስልኩም አብሮት ደቀቀ። አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የተማርሁት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ድርሰትም አይሆንልኝም ነበር። ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ደግነቱ ይጻፋል። ሙላት ደግ ነበር። ግን የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ደግነቱን አይደለም። ተጠራጣሪነቱን ነው።

በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። «ወንድም ዓለም» እያልሁ ነበር የምጠራው። ከመገንጠያው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችው፤ ማጭድ፣ ቢላ፣ መጥረቢያ ይስልባታል። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ይሰለፋል። ሙላት ግን ተቀብሎ ዝም ብሎ አይስልም። ያገላብጠዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ በሩ ብርሃን ያነጣጥረዋል። ከዚያ ባለቤቱን ያያል።

«ይሄን የት ገዛኸው?»

«ይፋግ ገበያ።»

«አዲስ ነው አሉህ?»

«አዲስ ነው እንጂ!»

«ተሰብሮ የተበየደ ነው። ቀለም ቀብተው ሸጡልህ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ማጭዱን ሳልልኝ አልሁህ እንጂ ዘሩን ቁጠርልኝ አልሁህ?»

የተሰለፈው ሁሉ ይስቃል። ሙላት አይስቅም። ብየዳውን በጥፍሩ እየነካ ያሳየዋል።

ብረት የሚነካካ ሰው በእኛ አገር ስም ይወጣለታል። አንዳንድ እናቶች በሱቁ በር ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ሲሸፍኑ አይቻለሁ። እሱም ያያል። ጎንበስ ብሎ መሳሉን ይቀጥላል። እሱ ሰውን ይጠረጥራል፣ ሰውም እሱን ይጠረጥራል። እንዲህ ነበር የሚኖረው።

የጃፓን ጎራዴ ነገር የመጣው በኬንጂ ነው። ኬንጂ ስለ ሩዝ ሊያስተምር ፎገራ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። አንድ ቀን ሙላት ማጭድ ሲስል ቆሞ አየው። ቆመ፣ ቆመ፣ አልሄድ አለ። በማግስቱ ከሻንጣው አንዲት ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ አምጥቶ ሰጠው። አማርኛው ሃያ ቃል አይሞላም፤ ከሁሉ የሚወደው «ቀስ» የሚለውን ነበር። የኬንጂ አያት በአገራቸው የአሮጌ ጎራዴ መርማሪ ነበሩ፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰበስብ ነበር። እሁድ እሁድ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በስልክ ፎቶ እያዩ ይውላሉ። ኬንጂ ይጠቁማል፣ «ቀስ» ይላል፣ ሙላት አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ኬንጂ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስም በስልክ መጻጻፋቸውን አላቆሙም።

ከዚያ በኋላ ሙላት የኮሪያ ዘማች ይኖርበት የነበረ ቤት ሁሉ እያጠያየቀ ሄደ። ሁለት ጎራዴ ገዛ። የመጀመሪያውን አምጥቶ እጀታውን ሲያወልቀው ብረቱ ላይ በማኅተም የተመታ ቁጥር አገኘ። ለወታደር በፋብሪካ በብዛት የተሠራ ነበር። ሁለተኛው ስለቱን ተከትሎ የሚሄድ ጉም የሚመስል ነጭ መስመር ነበረው። የጥንቱ ሠሪ ብረቱን በእሳትና በውሃ ሲያጠነክረው የሚወጣ መስመር ነው፤ ትክክለኛ ምልክት ነው። ሙላት በጣም ደስ አለው። ኬንጂ ፎቶውን አይቶ መስመሩ በአሲድ የተሠራ የውሸት እንደሆነ ነገረው። ሙላት አልጣላቸውም። ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ሰቀላቸውና «አስተማሪዎቼ ናቸው» አለ።

ጎራዴ ሲመረምር ማየት ነበር። ከመምዘዙ በፊት የነጠላውን ጫፍ አጥፎ በጥርሱ ይነክሳል፤ ትንፋሽና ምራቅ ብረቱን እንዳያዝገው ነው። ሰው ግን ይሄን አያውቅም። «አፉን ሸፍኖ እየደገመበት ነው» ይባል ነበር። ብረቱን በጣቱ ነክቶ አያውቅም። ከምላጩ ይልቅ የሚያምነው እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ጭራ ነው። እጀታውን የያዘችውን ትንሽ የቀርከሃ ችንካር በናስ ምስማር ይገፋትና እጀታውን ያወልቃል። ጭራው በዕድሜ ብዛት የመጣ ጥቁር ዝገት አለው፤ ሠሪው ስሙን የሚቀርጸውም እዚያ ላይ ነው።

«ፊቱን ማንም ያሳምረዋል» ይለኝ ነበር። «ማንም የማያየው ቦታ ላይ ምን አለ? እሱን ነው የምጠይቀው።»

ስለ ሰውም እንዲህ ይል ነበር። አልወድለትም ነበር፤ እኔን ሲያየኝም አንድ ዓይኑ የሚጨፈን ይመስለኝ ነበር።

ይፋግ ለሃምሳ አለቃ ጎራዴ ስንሄድ አብሬው ነበርሁ። አዱኛ ከባሕር ዳር ገዢ አግኝቶ ነበርና እማሆይ ፈሩ። «ከመሸጡ በፊት የባሌ ዕቃ ምን እንደሆነ ይነገረኝ» ብለው ሙላትን አስጠሩት። ስንገባ አዱኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ እጀታውን አውልቆ፣ የብረቱን ጭራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል።

ሙላት ጮኾ አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ።

«ተው! ተው አቁም! ምን እያደረግህ ነው?»

«ምነው? እያጸዳሁልህ እኮ ነው! ውስጡን ነው የምታየው ሲሉ ሰምቼ።»

«ዕድሜውን ነው የፋቅኸው! ያ ዝገት ዕድሜው ነበር!»

እማሆይ ከውስጥ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። «እሱን አትቆጣው ልጄ። እኔ ነኝ ያዘዝሁት። ለእንግዳ ዝገት ይቀርባል?»

ሙላት ብረቱን በነጠላው ተቀብሎ አገላበጠው። አንዱ ጎን እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ተንጋዶ ይታያል። ሌላው ጎን ገና አልተነካም፤ ጥቁር ነው፤ ወደ ታች የተቀረጹ አራት የጃፓን ፊደሎች አሉበት። ሙላት ብረቱን መልሶ በነጠላው ሸፈነው።

«ግማሹ ተርፏል» አለ በመጨረሻ። «እማሆይ፣ አይሸጥ። አንድ ወር ይስጡኝ።»

«ውሰደው። አንተን አምናለሁ» አሉ እማሆይ።

 አዱኛ እስክንርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘን።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስሁ።

ወረታ ከተመለስን በኋላ ሙላት ሱቁን ቀን በቀን መዝጋት ጀመረ። ማጭድ የያዙ ሰዎች በሩን አንኳኩተው ይመለሳሉ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ የእማሆይን ጎራዴ ከነአፎቱ ጨርቅ ላይ አጋድሞ በክር ይለካዋል። ፎቶ ያነሳዋል፤ ለኬንጂ ይልከዋል። አንድ ቀን የደረቀ የዋንዛ እንጨት ገዝቶ ገባ። በሌላ ቀን ሳይ እንጨቱን በምላጩ ልክ እየቀረጸው ነው፤ ርዝመቱ ያው፣ ጉብጠቱ ያው። ለእማሆይ የሚመልሰው አስመሳይ ጎራዴ በእንጨቱ ልክ ሊያሠራ ነው ብዬ አሰብሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አስመስሎ ማውጣት እንደሚቻል የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

«ምን አገኘህበት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የወታደር ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ነው» አለኝ። አፎቱና እጀታው የጃፓን ወታደር ናቸው፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን ከወታደሩ በፊት ብዙ ትውልድ የኖረ ነው ማለቱ ነው። ኬንጂም እንዲህ ብሎ ጽፎለታል።

«ታዲያ ለእማሆይ ነገርሃቸው?»

«ገና ነው።»

«ለምን?»

«አዱኛ ይሰማል። አዱኛ ከሰማ ባሕር ዳር ይሰማል።»

መልስ ነበር። ግን አላመንሁትም። እሱው ነው ያስተማረኝ፤ ያማረ መልስ ስሰማ ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ።

ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት በስሜ ጠራኝ። እንጨቱ ጉልበቱ ላይ ነበር። ቤቱ በሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ብረቱን የሚቀባበት ነው።

«ያየህ፣ ና ጫፉን ያዝልኝ እስቲ። ብቻዬን እየተንሸራተተብኝ ነው።»

«ምን ልትሠራበት ነው?»

«ሲያልቅ ታየዋለህ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«ሲያልቅ አልሁህ እኮ።»

«እጄን አላስገባም ወንድም ዓለም። ነገ ሰው ቢጠይቀኝ አላየሁም፣ አልነካሁም ማለት እፈልጋለሁ።»

አየኝ። አንድ ዓይኑን አልጨፈነም። በሁለቱም ነው ያየኝ።

«በል ሂድ» አለኝ።

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

በሠልስቱ አዱኛ ሲመጣ ሱቁን ከፍቼ ጎራዴውን ጨርቅ ላይ እንደተጋደመ አገኘሁት። አፎቱም እጀታውም የእማሆይ ነው። ወደ ድንኳኑ ወስጄ «ይኸው» ብዬ ሰው ሁሉ ባለበት ሰጠሁት። ልቤ ቀለለኝ። አዱኛ እጀታውን ይዞ መዘዘው።

እንጨት ነበር።

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

«እንጨት?» አለ አዱኛ። «እንጨት መለሳችሁልን? ሰዎች፣ ኑ እዩ! ብረቱን ለዚያ ለጃፓኑ ልኮ ለእኛ የልጅ መጫወቻ ሠራልን!»

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ «ልጄ ሌባ አይደለም! በሬሳው ላይ አትናገሩ!» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ያየህ፣ ንገራቸው እንጂ!»

 ምን ብዬ ልንገራቸው?

አዱኛ የይፋጉን ቄስ መምሬ ካሳን ይዞ ነበር የመጣው። መምሬ ካሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሁለቱም ወገን ሰምተው እንዲህ አሉ፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይፋግ ና ልጄ። ወይ ጎራዴውን ታመጣለህ፣ ወይ ወንድሜ አላደረገውም ብለህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመህ ትምላለህ። ሁለቱም ካልሆነ ግዝት ይታወጃል። ግዝት ያለበት ቤት ደግሞ ለአርባው ካህን አይገባለትም።»

እናቴ ይሄን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። አርባው ያለ ፍታት ሊውል ነው። የሙላት ስም በጸሎት ሳይጠራ ሊቀር ነው። የእኔ አንድ መሐላ ይሄን ሁሉ ይዘጋው ነበር። ግን መማል አልቻልሁም። ውስጤ አላደረገውም አይልም ነበር። አድርጎታል፣ አድርጎታል ነበር የሚለኝ።

ቅዳሜ ሱቁን ፈተሽሁ። ሳጥኑን፣ ጆንያውን፣ የድንጋዮቹን ሥር። ልወጣ ስል ቅርንፉድ ሸተተኝ። ዘይቱ ያለበት ብልቃጥ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ሽታው ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ጣራው ሥር፣ የመጥረቢያ እጀታ የሚሆኑ እንጨቶች ከተደረደሩበት መካከል፣ አንድ የለሰለሰ ዱላ ነበር። ትንሽ ጎበጥ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይዞራል። ሳብ ሳደርገው ተከፈተ። ውስጡ ብረት ነበር፣ በዘይት የደበዘዘ።

እማሆይ ቤት ያየሁት ብረት እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ይሄ አያበራም።

የናስ ምስማሩ ፊት ለፊቴ ነበር። ችንካሯን ገፍቼ ጭራውን ማየት እችል ነበር። አንዱ ጎን ነጭ፣ አንዱ ጎን ጥቁር ከሆነ ያው የእማሆይ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ወንድሜ ሌባ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚወስድ ሥራ አልነበረም። አልከፈትሁትም። ፈራሁ። እሱ ቢሆን ኖሮ ይከፍተው ነበር።

እሁድ ዱላውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ምስማሩን ኪሴ ከትቼ ይፋግ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ዱላ ነው።»

«ዱላ በጋቢ ይጠቀለላል?»

 ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ሩዙ ታጭዶ ማሳው ላይ ተከምሯል።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽረ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ መምሬ ካሳ፣ እማሆይ፣ አዱኛ፣ ጥቂት የሰፈሩ ሽማግሌዎች። አዱኛ ጉልበቱ ላይ የእንጨቱን ጎራዴ ከነአፎቱ ይዞታል። እኔ ጋቢውን ፈታሁና ዱላውን መዝዤ አሳየሁ።

«ይሄ የእኛ አይደለም» አለ አዱኛ ወዲያው። «የእኛ ያበራ ነበር። የእኛ እጀታው ሌላ ነው። ይሄ ፈዛዛ ምንድን ነው? መጀመሪያ እንጨት፣ አሁን ደግሞ ይሄ!»

እማሆይ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«ጭራውን ክፈተው ልጄ» አሉኝ። «ያን ቀን ያየነውን ቦታ።»

የነጠላዬን ጫፍ ነከስሁ። ሳላስበው ነው ያደረግሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን ሊደግም ነው?» ሲል ሰማሁ። ምስማሩን ችንካሯ ላይ አድርጌ ገፋሁ። ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። በሦስተኛው ወጣች። እጀታው ላላ። ብረቱን በጋቢው ይዤ ሳብሁት።

አንዱ ጎን ነጭ። የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት እንደተንጋደደ አለ። ገለበጥሁት። ጥቁር፤ አራቱ ፊደሎች በየቦታቸው።

 አዱኛ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን ወደ ጭረቱ ዘረጋና ሳይነካው መለሰው።

«የእኔ እጅ ነው» አለ በዝግታ።

«ብርጭቆ ወረቀትህ መሰከረብህ» አሉት አንደኛው ሽማግሌ። ጥቂት ሰው ሳቀ። አዱኛም ሳቀ፣ ፊቱ ግን ቀልቶ ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ገባኝ። ኬንጂ በፎቶ ያሳየን ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። በአገራቸው የከበረ ብረት በጌጠኛው አፎት ውስጥ አይቀመጥም፣ ያዝገዋል። ካልተቀባ እንጨት እንደዚህ ዱላ ያለ ማረፊያ ይሠራለታል። አሮጌው አፎትና እጀታ ደግሞ ባዶውን እንዳይበታተን የእንጨት ምላጭ ይገባበታል። ለእማሆይና ለሽማግሌዎቹ ይሄን እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው።

«እንግዲያ ብረቱን አሳርፎታል ማለት ነው» አሉ እማሆይ። «ልብሱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ እንጨቱን አለበሰው።»

«አዎ እማሆይ።»

እማሆይ የእንጨቱን ጎራዴ ከአዱኛ ተቀበሉ። ሲያገላብጡት ቆዩ። ባላቸው ይዘውት የኖሩት እጀታ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄኛውስ ጭራ አለው?» አሉኝ።

«ይኖረዋል።»

«አውጣው እስቲ።»

ችንካሯን ገፋሁ። ይሄኛዋ አዲስ ነበረች፤ ሙላት የቀረጻት። እጀታው ወለቀ። የእንጨቱ ጭራ ላይ፣ የጃፓን ሠሪዎች ስማቸውን በሚጽፉበት ቦታ፣ በቢላ ጫፍ የተቀረጸ ጽሕፈት ነበር። ማንበብ አልቻልሁም፤ ዓይኔ ውሃ ሞልቶት ነበር። መምሬ ካሳ ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«‹ሙላትና ያየህ ሠሩት›» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ያየህ አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አንተም ሠርተሃል ለካ!» አሉ እማሆይ። ሁለቱን እጆቼን ያዙ። «የባሌን ዕቃ ከወንድምህ ጋር አሳምረህልኛል። እጅህ ይባረክ ልጄ። እጅህ አይዛል።»

አልሠራሁም ማለት ነበረብኝ። ጫፉን ያዝልኝ ሲለኝ በሩን ዘግቼ ወጥቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ አዱኛም እያየኝ ነበር፤ አርባውም ገና አልወጣም ነበር። «አሜን» አልሁ።

መምሬ ካሳ ለአርባው መጡ። የሙላትን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። እናቴ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ጎራዴው ይፋግ ነው፤ ብረቱ በማረፊያው፣ ልብሱ በእንጨቱ ላይ፣ የእኔም ስም እጀታው ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ።